«ብናኝ ያው ብናኝ ነው» ማለት ይቻላልን?

ውርጭ፦ በአየር ላይ ስለሚንሳፈፈው ደቃቅ ብናኝ «ብናኝ ያው ብናኝ ነው፤ በዋልታ ሰማይ ላይ ሲበዛ ደመናውን አወፍሮ በረዶውን ከፀሐይ ይከልላል» የሚል ጽሑፍ አንብቤ አዝኛለሁ። በአርክቲክ እምብርት በክረምት ፀሐይ ለወራት አትወጣም። በዚያ ጨለማ ፈሳሽ ጠብታ ያዘለ ደመና ከምድር የሚወጣውን ሙቀት መልሶ ወደ ታች ስለሚልክ፣ በረዶውን ያሞቀዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም።

ጉም፦ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ያሰብሁትም በጋውን ነው። የደመና ተመራማሪው ቱሚ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስረዳው፣ የደመና ጠብታ የሚፈጠረው በብናኝ ላይ ስለሆነ፣ ብናኝ ሲበዛ ያው ውሃ ለብዙ ትናንሽ ጠብታዎች ይከፋፈላል፤ ደመናውም ይበልጥ ነጥቶ ብርሃን ይመልሳል።

ውርጭ፦ በጋ የሚል ቃል በጽሑፍዎ አልነበረም፤ በበጋም ቢሆን ነጭ በረዶ ላይ የሚያንዣብብ ነጭ ደመና የሚመልሰው ተጨማሪ ብርሃን ጥቂት ነው። እኔን ያስቆጣኝ ግን «ያው» የምትለዋ ቃል ናት። ንጹሕ የውሃ ጠብታ ከዜሮ በታች እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ድረስ በረዶ ሳይሆን ሊቆይ ይችላል። የአፈር ብናኝ ወይም የባክቴሪያ ቅንጣት ካገኘ ግን ቅዝቃዜው እዚያ ሳይደርስ ይረጋል፤ የረጋችውም ቅንጣት በዙሪያዋ ካሉት ጠብታዎች የሚተነውን እንፋሎት እየወሰደች ታድጋለች፣ ከብዳም ትወርዳለች። ከሰልፈር ጋዝ የሚፈጠረው ሰልፌት የተባለ ብናኝ የጠብታውን ቁጥር ሲያበዛና መጠኑን ሲያሳንስ፣ የአፈሩ ብናኝ ደመናውን ወደ በረዶ ለውጦ ያራግፈዋል። ታዲያ እነዚህ «ያው» ናቸውን?

ደቡብ፦ ሁለታችሁም አንታርክቲካን ረስታችኋል። በዙሪያዋ ያለው ውቅያኖስ ከየብስ የራቀ በመሆኑ በረዶ አስጀማሪ ብናኝ እጅግ ጥቂት ነው፤ ደመናውም ከዜሮ በታች ወርዶ እንኳ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ብዙ የአየር ንብረት የኮምፒውተር ሞዴሎች ይህን ደመና ከሚገባው በላይ ብርሃን ብዙም ወደማይመልስ በረዶ እየለወጡ በማስላታቸው፣ ባሕሩ የሚቀበለውን የፀሐይ ብርሃን አብዝተው ሲገምቱ ቆይተዋል።

ጉም፦ ይህ እኔን የሚደግፍ ነው፤ ወሳኙ የብናኙ ማነስ ነውና።

ውርጭ፦ ያነሰው በረዶ አስጀማሪው ብቻ ነው፤ የባሕር ጨውና ሰልፌት እዚያም አሉ። ስለዚህ የወሰነው ዓይነቱ ነው። በዚህች ቃል ላይ የጸናሁት፣ በረዶ አስጀማሪ ብናኝ ረጭተን የዋልታውን የክረምት ደመና እናሳሳ የሚል ሐሳብ ስለቀረበ ነው። ብናኝን ሁሉ አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው፣ ሊያሳሳ የተነሣውን ደመና ሊያቆየው ይችላል።

ጉም፦ ስለ ርጭቱ አደጋ እስማማለሁ። «ያው» ያልሁት ግን ጠብታ ስለሚፈጠርበት ብናኝ ነውና ቃሌን አላነሣም።

ውርጭ፦ እንግዲያውስ «ጠብታ የሚፈጠርበት» ብለው ያርሙልኝ።