ቦዬ ላይ ከላሞቹ እግር ስር ያየኋት ቢጫ ወፍ ማን ናት?

ባጃጅ ነጂው
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው፤ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ቁጭ ብዬ። ስኳር አለብህ ተባልኩና ሐኪሙ "ጠዋት ጠዋት በእግርህ ሂድ" አለኝ። ከኅዳር ጀምሮ ማለዳ ወደ ቦዬ ረግረግ እወርዳለሁ። እውነት ለመናገር ጉማሬ አያለሁ ብዬ ነው ቦዬን የመረጥኩት። እስካሁን ጀርባውን እንኳ አላሳየኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ጭጋጉ ገና አልተነሳም፣ ጫማዬ በጤዛ በስብሷል። ከአንዷ ላም ሰኮና አጠገብ አንዲት ትንሽ ወፍ ወዲህ ወዲያ ትላለች። ሆዷ ቢጫ ነው፣ እንደ አደይ። ጀርባዋ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ላሟ እግሯን ስታነሳ ዘላ ዝንቧን ቀለብ ታደርጋለች፤ ሰኮናው ሲያርፍ ለጥቂት ታመልጣለች። አንዴማ ተረገጠች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቆመችም ስትባል ጭራዋ አያርፍም፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ላይ ታች፣ ላይ ታች።

እረኛውን ልጅ "ይቺ ምንድናት?" አልኩት። ገርሞት አየኝና "ሲምቢሮ!" አለኝ። ወፍ ናት ማለቱ ነው። አመስግኜው አለፍኩ።

ውሃው ላይ ደግሞ አፏ ማንኪያ የመሰለ ዳክዬ ነበረች። 42 ዓመቴ ነው፣ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው፣ ሁለቱንም አይቼ አላውቅም። ከየት መጡ?

ሐይቅ ዳር
ቦዮ ለማለት ፈልገህ ነው? የሀዲያው? እዚያ እኮ ወፍ ሞልቷል።

ባጃጅ ነጂው
ኧረ ቦዬ! የጅማው።

የጫካ ቡና
ወንድሜ፣ ስም ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጉሮሮዋ ስር ጥቁር ሐብል ነበራት? ከነበራት ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ የሣር ሜዳ ወፍ ልትሆን ትችላለች። እሷም ቢጫ አላት፣ ብዙ ሰው ያሳስታል። ጀርባዋ ግራጫ ሆኖ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ቢሆን ደግሞ ሌላ ናት።

ባጃጅ ነጂው
ሐብል የላትም። ድንጋይም የለም፤ ጭቃና ላም ብቻ።

የጫካ ቡና
እንግዲያው የሎ ዋግቴይል ናት፤ ጭራ ወዝዋዧ ቢጫ ወፍ በላት። የምትፈለፈለው አውሮፓና እስያ ነው። እዚያ አሁን ክረምት ነው፣ የእነሱ ክረምት ማለት ብርድና በረዶ። በረዶ ላይ ዝንብ የለም። ስለዚህ በመስከረም በጥቅምት ገደማ ወደ እኛ ትወርድና በመጋቢት በሚያዝያ ትመለሳለች። ከብት የምትከተለው ሰኮናው ከሣሩ ነፍሳት ስለሚያስነሳላት ነው። ክብደቷ 17 ግራም አካባቢ ነው፤ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ያንን ይዛ ነው በረሃ የምታቋርጠው!

ዳክዬዋ ሾቬለር ትባላለች፣ እሷም የዚያው አገር እንግዳ። የምንቃሯ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ አለው፤ ውሃውን አጥልላ የቀረውን ትበላለች። ወንዱ ጭንቅላቱ አረንጓዴ ነው፣ ፈልገው።

"አይቼ አላውቅም" ያልከውን ግን አልቀበልህም። በየዓመቱ ይመጣሉ። አንተ ባጃጅ ውስጥ ነበርክ።

ስልክህ ላይ ሜርሊን የሚባለውን አፕ ጫን፣ ነጻ ነው። ፎቶ ስትሰጠው ስሟን ይገምትልሃል። ግምት ነው ግን፤ እኔን አንድ ጊዜ አሳስቶኛል።

የአዌቱ ልጅ
ስለ እንግዶቹ ጥሩ ብላችኋል፣ የቤቱን ባለቤት ግን ረሳችሁ። ዘውድ የደፋችው ትልቋ ወፍስ? ክረምት ከበጋ እዚሁ ናት፣ በዓለም ደረጃም ለአደጋ ተጋላጭ ተብላ ተመዝግባለች። ጎጆዋን የምትሠራው ረግረጉ ሣር ውስጥ ነው። ረግረጉ ደግሞ ባንድ በኩል ለሸክላ ጡብ ይቆፈራል፣ ባንድ በኩል ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፤ ረግረግ ዳር መትከል ምን የሚሉት ነው? አናደዳችሁኝ በጠዋቱ።

ባጃጅ ነጂው
አራት ማንኪያ ስኳር! እኔ እኮ አንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ የምጨምረው ነበር። ሐኪሙ ቢሰማ።

ዛሬም ሄጄ ነበር። አንዷ ስትባል ሰባት ሆነው ጠበቁኝ፤ ከአንድ በሬ ኋላ ተሰልፈው። አንዱ ጭንቅላቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው፣ እሱም ያው ነው እንዴ? ፎቶ ላነሳ ስጠጋ ሁሉም ብር አሉ፣ የቀረልኝ የበሬው ጭራ ነው።

ዘውዳሟንም ሁለት ሆነው ከሩቅ አየኋቸው፣ የአዌቱ ልጅ።

የጫካ ቡና
ያው ነው። ወንዱ እንደመጣበት አካባቢ የጭንቅላቱ ቀለም ይለያያል፣ ጥቁር የሆነም አለ። የካቲት መጨረሻ ላይ ተመልሰህ እየው፤ ከመሄዱ በፊት ላባውን ይቀይርና ቢጫው ይበልጥ ይደምቃል። እና ስትጠጋ ከላሞቹ ጋር ተጠጋ፣ ብቻህን አትሂድ።

ባጃጅ ነጂው
እሺ። ጉማሬውን በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚያውቅስ የለም?