የስታይንቤክን «ቲምሼል» በአማርኛ ምን እንበለው?

የማርቆስ_አንባቢ፦
እንዴት ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ ያለን ትንሽ የንባብ ክበብ ነን። የጆን ስታይንቤክን «ከኤደን በስተምሥራቅ» ከእንግሊዝኛው ምዕራፍ በምዕራፍ ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። ለኅትመት አይደለም፤ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው አባሎቻችን ነው።

ምዕራፍ 22 ላይ ለአዳም ትራስክ መንትዮች፣ ለካሌብና ለአሮን፣ ስም ሲወጣ ዘፍጥረት 4 ይነበባል። እሱን ከ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ እንዳለ ገለበጥነው። ምዕራፍ 24 ስንደርስ ነገሩ ተበላሸ። ሊ የሚባለው ቻይናዊ የአዳም አገልጋይ የአንዲቱን ጥቅስ ሁለት ትርጉሞች እያነጻጸረ ሲከራከር፣ በእኛ አማርኛ ሁለቱም አንድ ሆነው ቁጭ አሉ። ክርክሩ ስለ ምን እንደሆነ እንኳን አይታወቅም። በጥቅሱ ማብቂያ ያለችውን «ቲምሼል» የምትለዋንም የዕብራይስጥ ቃል አንዱ «ትችላለህ» ሲል ሌላው «ተፈቅዶልሃል» እያለ አልተስማማንም።

ሌላው የሊ አነጋገር ነው። መጀመሪያ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ይናገርና በኋላ ከሁሉም የተማረው እሱ ሆኖ ይገኛል። ይህን በአማርኛ እንዴት እናምጣው? ደግሞስ ከዚህ ወፍራም መጽሐፍ መጀመራችን ልክ ነው? የምታውቁ አትንፈጉን።

ዘጎንጅ፦
ወንድምዓለም፣ የተበላሸው ምዕራፍ 24 ላይ ሲታይ ነው እንጂ ጥፋቱ የተሠራው 22 ላይ ነው።

ምዕራፍ 22 ላይ የሚነበበው የኪንግ ጄምስ ትርጉም ነው። እዚያ የቁጥር 7 ማብቂያ የተስፋ ቃል ነው፤ ቃየን ኃጢአትን ድል እንደሚነሳት የተነገረው ይመስላል። በአማርኛ «ትነግሥባታለህ» ማለት ነው። ሊ በኋላ የሚያመጣው ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1901 የወጣው የአሜሪካን ስታንዳርድ ትርጉም፣ ትእዛዝ ነው፤ «ንገሥባት»። የእኛ የ1954ቱ ደግሞ «አንተ ግን በእርስዋ ንገሥባት» ይላል። ልብ በሉ፣ ትእዛዝ ነው። እናንተ ገና ሁለት ምዕራፍ ቆይቶ የሚመጣውን ትርጉም ቀድማችሁ 22 ላይ አስገባችሁት። ሊ «ይኸኛው ግን ትእዛዝ ነው» ሲል አንባቢው «ያኛውስ ምን ነበር?» ቢል አይፈረድበትም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ምዕራፍ 22 ላይ 16ቱንም ቁጥሮች ከ1954ቱ ውሰዱ፤ የቁጥር 7ን ማብቂያ ብቻ «አንተም ትነግሥባታለህ» ብላችሁ ለውጡ። ሌላውን አትንኩት። ጆሮ የለመደው የመጽሐፍ ቅዱስ ዜማ ካልተሰማ ትዕይንቱ ይቀዘቅዛል። ምዕራፍ 24 ላይ «ንገሥባት»ን ያን ጊዜ አምጡት።

አሁን ወደ ሦስተኛው ንባብ፣ ወደ «ቲምሼል»። ቅኔ ቤት የዋለ አባል ካላችሁ ለሌሎቹ ያስረዳላችኋል። በግእዝ «ትነግሥ» ትንቢት አንቀጽ (ገና የሚሆነውን የሚናገር) ነው፣ «ንገሥ» ትእዛዝ ነው። የዕብራይስጡ ግስ ያለው በትንቢቱ በኩል ነው። ያ መልክ እንደ አገባቡ ተስፋም፣ ግዴታም፣ ፈቃድም ይሆናል። ሊ የሚያወራላቸው አራቱ ሽማግሎች ሁለት ዓመት ዕብራይስጥ አጥንተው የያዙት ሦስተኛውን ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ መሄድ አለመሄድ ያንተ ነው የሚለውን።

«ልትነግሥባት ትችላለህ» መጀመሪያ ሲያዩት ልክ ይመስላል። ችግሩ «ትችላለህ» በአማርኛ ቀድሞ የሚሰማው ጉልበት መሆኑ ነው፤ አቅም አለህ፣ አያቅትህም እንደማለት። ሊ ስለ አቅም አይደለም የሚያወራው። «ተፈቅዶልሃል» ደግሞ ከላይ የመጣ ፈቃድ ይሆንና ሰውየውን ቁጭ አድርጎ ያስጠብቀዋል። እኔ የምለው «ብትወድ ትነግሥባታለህ» ነው። «ብትወድ» ሲባል «ባትወድስ?» ራሱ ይከተላል፤ የሊ ክርክር በሙሉ የተሠራው በዚያች ባልተነገረችው ጥያቄ ላይ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። አንደኛውና ሦስተኛው በአንዲት ቃል ብቻ ስለሚለያዩ፣ አንዱ የዕብራይስጥ ቃል ሁለት ዓይነት እንደተነበበ ዓይን ራሱ ያያል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ለማመሳከር ብላችሁ ወደ ግእዙ አትሂዱ። ግእዙ መጀመሪያ የተተረጎመው ከሰባ ሊቃናቱ ግሪክ ነው፤ ግሪኩ ላይ ደግሞ ይህ ቁጥር ሌላ መልክ አለው፣ በደጅ የምታደባው ኃጢአት እዚያ የለችም። ሁለተኛ፣ ዕብራይስጥ የሚያውቅ ሰው ቃሉ «ቲምሾል» ነው ይላችኋል። እውነቱን ነው። ስታይንቤክ ግን «ቲምሼል» ብሎ ነው የጻፈው፤ የደራሲውን አጻጻፍ እናንተ አታርሙለት።

እቴ_ጣና፦
በጥቅሱ ከዘጎንጅ ጋር ነኝ። እኔ የምጨምረው የስሞቹን ጣጣ ነው፤ አማርኛው ላይ ሳይታሰብ ወጥመድ ይሆናሉ።

«ካል» የሚለውን አጭር ስም እንዳለ አትውሰዱት። «ካል መጣ» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ክፍተቷ ትንሽ ከጠበበች «ካልመጣ» ሆነ። «ካል ሰማ» «ካልሰማ» ይሆናል። አንድ ገጽ ላይ አምስት ጊዜ ይህ ሲደርስ አንባቢው መንገድ ይስታል። ሙሉውን «ካሌብ» በሉት፤ የመጽሐፍ ቅዱሱ ስም ስለሆነ እንዲያውም ይጠቅማል። ምድረ ርስት የገባው ካሌብ ነው፣ አሮን በሖር ተራራ ነው የቀረው። ሊም እንደዚያው ነው፤ «ሊ መጣ» እና «ሊመጣ» በእጅ ጽሑፍ አይለዩም። ስሙን ማሳጠርም ማስረዘምም ስለማይቻል በስምና በግሱ መካከል አንድ ነገር ጣል አድርጉ፤ «ሊ ቶሎ መጣ»፣ «ሊም መጣ»፣ «ሊ ግን ሰማ»።

ደራሲው የቃየንንና የአቤልን መነሻ ፊደል ለሰዎቹ አድሏል። በላቲኑ የቃየን ወገን ቻርልስ (የአዳም ወንድም)፣ ካሌብ፣ ካቲ (የመንትዮቹ እናት) በአንድ ፊደል ይነሳሉ፤ የአቤል ወገን አዳምና አሮን በሌላ። በእኛ ፊደል የአቤል ወገን ሳይነካ አለፈ፤ አቤል፣ አዳም፣ አሮን። የቃየን ወገን ግን ቃ፣ ቻ፣ ካ ሆኖ ተበታተነ። «ቃሌብ» ብላችሁ ለመጠገን አትሞክሩ፤ ያስቃል። ግርጌ ላይ አንድ መስመር ጻፉና እለፉ። ለማስታወስ ያህል፣ ቻርልስም ካቲም ግንባራቸው ላይ ጠባሳ አላቸው፤ ፊደሉ የጠፋበት አንባቢ በጠባሳው ይይዘዋል። ስለዚህ አንዱ ጋ «ጠባሳ» ሌላው ጋ «ምልክት» ወይም «ሰንበር» አትበሉ። ቃሉ አንድ ይሁን።

ወደ ሊ ንግግር። የትኛውንም አካባቢ ዘዬ አታልብሱት። አንዱን አገር ሰው አስመስላችሁ ያወጣችሁት እንደሆነ አንባቢው የሚስቀው በሊ ሳይሆን በዚያ ሰው ነው፣ ቂሙም ለክበባችሁ ይተርፋል። የሚበቃው ግሱን ማሰናከል ነው። «ጌታ ሻይ ፈልግ? እኔ አሁን አምጣ።» ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ምዕራፍ 15 ላይ ሳሙኤል ሐሚልተን ለምን እንዲህ እንደሚናገር ይጠይቀዋል። ሊም ሰዎቹ ከእሱ የሚጠብቁት ያንን ስለሆነ ነው፣ በጥሩ እንግሊዝኛ ቢናገር እንደማይሰሙት ያስረዳል። ከዚያች ገጽ ጀምሮ ከሳሙኤል ጋር ሲሆን አማርኛው ጥርት ይበል፤ እንዲያውም ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ያለ፣ የመጽሐፍ ሽታ ያለው ቢሆን አይከፋም። ለውጡ ቀስ በቀስ ከሆነ ይጠፋል። ድንገት ይሁን።

አንተና አንቱንም ከመጀመሪያው ወስኑ፣ እንግሊዝኛው አይነግራችሁምና። አዳም ሊን «አንተ» ይለዋል፣ ሊ አዳምን «እርስዎ»። ሳሙኤልን ሁሉም «አንቱ» ቢሉት በእኛ አገር ጆሮ ያምራል፤ ሽማግሌ ነው፣ ውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፣ አዋቂ ነው። ከባዱ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ሊ በአልጋው አጠገብ ቆሞ ጌታውን «አዳም» ብሎ በስሙ እየጠራ ይለምነዋል። እዚያ «እርስዎ» ከቀጠለ ልመናው ቀዝቅዞ ይቀራል። እኔ ብሆን እዚያ «አንተ» አደርገው ነበር፣ ለዚያች ቦታ ብቻ።

አንድ የእህል ነገር ላክልና ልተው። ካሌብ የአባቱን ኪሳራ ለመካስ በጦርነቱ ጊዜ ነግዶ 15,000 ዶላር ያተርፋል። የነገደበት እህል ቦሎቄ ነው እንጂ ባቄላ አይደለም። መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ትርጉም ብሎ ባቄላን ስለሚሰጥ ብዙ ሰው ይስታል። አዳም የከሰረበት ደግሞ በበረዶ ታሽጎ በባቡር ወደ ኒው ዮርክ የተላከ ሰላጣ ነው። እህል መሆኑ ዋና ነገር ነው፤ ቃየን ያቀረበው ከምድር ፍሬ ነበርና። «ንግድ» ብላችሁ አድበስብሳችሁ ካለፋችሁት አባቱ የካሌብን ስጦታ አለመውደዱ ከየት እንደመጣ አይታይም።

ስንቅ_ያዥ፦
ከየት እንጀምር ለሚለው። ጀምራችኋል፣ አታቋርጡ። ግን አቅማቸው ደከም ላለ አባላት «ስለ አይጦችና ሰዎች»ን (እ.ኤ.አ. 1937) ወይም «ዕንቁው»ን (1947) ጎን ለጎን ስጧቸው፤ ሁለቱም ስድስት ስድስት ምዕራፍ ናቸው። «የቁጣ ወይን» (1939) ሌላ ጉዞ ነው፤ እሱን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።

አካሄዱ ራሱ ይመቻል። መጽሐፉ 55 ምዕራፍ፣ አራት ክፍል ነው። ሦስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 11 ምዕራፍ፣ አራተኛው 22። በወር 11 ብትሉ በአምስት ወር ታልቃላችሁ፣ ወሩም ከክፍሉ ጋር ይገጥማል። ሰው የሚያቋርጠው በመጀመሪያው ወር ነው። ምክንያቱም የትራስክና የሐሚልተን ቤተሰቦች እየተፈራረቁ ስለሚመጡ፣ በዚያ ላይ «እኔ» የሚል ተራኪ ድንገት ብቅ ስለሚል ነው። አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሐሚልተኖች የደራሲው የእናቱ ወገኖች ናቸው። ሳሙኤል አያቱ ነው፣ ኦሊቭ እናቱ ናት፣ መምህርት ነበረች። ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1902 የተወለደው እዚያው ሳሊናስ ነው። ትራስኮች ልብ ወለድ ናቸው። ይህን ያወቀ አንባቢ አይደናገርም።

ምዕራፍ 1 ላይ ተጠንቀቁ። ስለ ሸለቆው ዝናብ ሲያወራ በኢንች ነው። ግሩም በሚላቸው ዓመታት ከ19 እስከ 25 ኢንች ይዘንባል፤ በሚሊ ሜትር ከ480 እስከ 635 ገደማ። በደረቁ ዓመት 7 ወይም 8 ኢንች፣ 200 ሚሊ ሜትር ግድም። ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ለለመደ የጎጃም ገበሬ የእነሱ ጥጋብ ድርቅ ነው! አስተርጓሚው ተሳስቷል ብሎ ቁጥሩን የሚያሳድግ ሰው እንዳይኖር። ቁጥሩን ተዉት፤ «ለዚያ አገር ይህ ብዙ ነው» የሚል ቃል ብቻ ጣል አድርጉ። ተራሮቹም እንዳይቀያየሩ፤ በምሥራቅ ብሩሆቹ ጋቢላን፣ በምዕራብ ጨለምተኞቹ ሳንታ ሉቺያ ናቸው።

ለተርጓሚ ትልቁ ረዳት ራሱ ደራሲው ነው። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1951 ሲጽፍ በትልቅ ደብተር ቀኝ ገጽ ልብ ወለዱን፣ ግራ ገጽ ለአርታኢው ለፓስካል ኮቪቺ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ደብዳቤዎቹ ከሞተ በኋላ በ1969 ለብቻቸው ታትመዋል። ያን ቀን ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይናገርባቸዋል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨንቃችሁ የዚያን ሳምንት ደብዳቤ ፈልጉ። የእጅ ጽሑፉንም ራሱ በሠራው የእንጨት ሳጥን አድርጎ ነው ለኮቪቺ የሰጠው፤ መታሰቢያ ገጹ ላይ ስለ ሳጥን የሚያወራው ለዚህ ነውና ምሳሌ ነው ብላችሁ አትተርጉሙት። እውነተኛ ሳጥን ነው።

እ.ኤ.አ. የ1955ቱን ፊልም አይተን እንግባ የሚል ካለ ከልክሉ። ፊልሙ የያዘው የመጽሐፉን መጨረሻ ብቻ ነው፣ ሊም ጭራሽ የለበትም። ሊ ከሌለ ቲምሼል የለም።

የማርቆስ_አንባቢ፦
እግዜር ይስጥልን። ምዕራፍ 22ን ዛሬውኑ እናርመዋለን፤ «ካል»ንም እንዲሁ። እውነትም «ካል ሰማ» የሚል አንድ ቦታ ተገልብጦ ተነቧል። አንዲት ጥያቄ ቀረችን። ምዕራፍ 55 ማብቂያ ላይ አዳም «ቲምሼል» ሲል «ብትወድ ትነግሥባታለህ»ን እዚያ እንድገመው?

ዘጎንጅ፦
አትድገሙት። አንደበቱ የተያዘ ሰው በሹክሹክታ የሚያወጣት አንዲት ቃል ናት፤ ሁለት ቃል ካደረጋችኋት ንግግር ሆነች። «ቲምሼል» ብቻዋን ትቁም፣ ግርጌ ማስታወሻም አይግባ። ከ24 እስከ 55 ሠላሳ ምዕራፍ ስላለ ረስተዋል ብላችሁ ከፈራችሁ፣ የመጨረሻው ንባብ ዕለት መጀመሪያ የምዕራፍ 24ን ክርክር ጮክ አድርጋችሁ አንብቡ፤ ከዚያ በቀጥታ 55።

ከእሷ ቀጥሎ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ግን ጠብቋት። እንግሊዝኛው ዓይኑ ተከደነ፣ ተኛ ነው የሚለው፤ ሞተ አይልም። «ሞተ» ካላችሁ ደራሲው ያልዘጋውን በር ዘጋችሁ። «ተኛ» ካላችሁ ደግሞ ቀለለ። አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ይሻላል፤ «አንቀላፋ» በሉት።