ሲሙሌተር አብራሪን ላልጠበቀው ነገር ያዘጋጀዋል?

ጥያቄ
በአብራሪነት ሥልጠና ላይ ነኝ፤ በቅርቡ ወደ ሲሙሌተር (በምድር ላይ ሆኖ በረራን የሚያስመስል ማሽን) ምዕራፍ እገባለሁ። ቀድመውኝ የሠለጠኑት እንደሚነግሩኝ፣ በልምምዱ አንዱ ሞተር የሚጠፋው አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል መሆኑን ሁሉም አስቀድሞ ስለሚያውቅ እጅና እግሩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። የሚመጣው ከታወቀ ድንገተኛነቱ ምኑ ላይ ነው? ውቅያኖስ ላይ የወደቀው የኤር ፍራንስ በረራ 447 አብራሪዎችም እኮ በሲሙሌተር የሠለጠኑ ነበሩ።

ምላሽ 1
ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የታወቀውን ልምምድ አይናቁት። ሞተር ሲጠፋ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በእግር ፔዳል ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ በዚያች ቅጽበት ለማሰብ ጊዜ ስለማይኖር፣ እስኪዋሐድ ድረስ መደጋገም አለበት። ችግር የሚፈጠረው ሥልጠናው በዚሁ ሲያበቃ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009 በበረራ 447 ላይ የፒቶት ቱቦዎቹ (የአውሮፕላኑን ፍጥነት ለመለካት የሚያገለግሉት) በበረዶ ቅንጣት ሲደፈኑ የፍጥነት ንባቡ ተዛባ፣ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበርረው አውቶፓይለትም ራሱን አላቀቀ። አብራሪው የመቆጣጠሪያ እጀታውን ወደ ኋላ ሳበ፤ አውሮፕላኑም ወደ 38,000 ጫማ ወጥቶ ስቶል (ክንፎቹ አውሮፕላኑን የሚያነሣውን ኃይል የሚያጡበት ሁኔታ) ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ችግሩ ከጀመረ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ውቅያኖሱ ላይ ወደቀ፤ 228 ሰዎች ሞቱ። የፈረንሳይ መርማሪዎች እንዳመለከቱት፣ አብራሪዎቹ የተዛባ የፍጥነት ንባብን በከፍተኛ ከፍታ ላይ፣ በእጅ እያበረሩ የመቋቋም ሥልጠና አልነበራቸውም። «በሲሙሌተር ሠልጥነዋል» መባሉ ምን እንደተለማመዱ አይነግረንም። በአሜሪካ እንኳ የአየር መንገድ አብራሪዎች እስከ ሙሉ ስቶል ገብተው መውጣትን እንዲለማመዱ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ ተፈጻሚነቱ እስከ 2019 ቆይቷል።

ምላሽ 2
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ሲሙሌተሩ ራሱ ሊያሳስት እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። በስድስት ምሰሶዎች ላይ የቆመው ክፍል ወደ ኋላ በማዘንበል ፍጥነት የጨመረ ያስመስላል እንጂ፣ ሰውን ወንበሩ ላይ የሚጫነውን ወይም ከወንበሩ የሚያነሣውን ኃይል ለተከታታይ ሴኮንዶች ማቆየት አይችልም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሲሙሌተሩ የአውሮፕላኑን ጠባይ የሚያስመስልበት ስሌት ነው፤ በበረራ ሙከራ ከተሰበሰበው መረጃ ወሰን ሲወጣ የሚያሳየው ጠባይ ግምት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2001 የአሜሪካን ኤርላይንስ በረራ 587 ረዳት አብራሪ፣ ከፊት የሄደ አውሮፕላን በተወው የአየር ሽክርክሪት ውስጥ ሲገቡ፣ ፔዳሉን በኃይል ግራና ቀኝ በማፈራረቁ ቋሚው ጅራት ተገንጥሎ 265 ሰዎች አለቁ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የአየር መንገዱን የሥልጠና ፕሮግራም አንዳንድ ክፍሎች አስተዋጽኦ ካደረጉት መካከል ቈጥሯቸዋል፤ በሲሙሌተር ይሰጥ የነበረው ልምምድም የሽክርክሪቱን ውጤት ከእውነታው አርቆ ያሳይ ነበር። ሐሰተኛ ልምምድ ከነጭራሹ ካለመለማመድ ሊብስ ይችላል የምለው ለዚህ ነው።

ምላሽ 3
ጠያቂው ያነሡትን የድንገተኛነት ነገር ላክልበት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ሁለቱም ሞተሮቹ በወፎች ተመትተው ኒውዮርክ ውስጥ ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው አውሮፕላን ሲመረመር፣ ወፎቹ እንደመቱ ወዲያው ወደ ላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ ከዞሩት የሲሙሌተር ሙከራዎች መካከል እስከ ማኮብኮቢያው የደረሱ ነበሩ፤ ሁኔታውን ለመረዳትና ለመወሰን 35 ሴኮንድ ሲጨመር ግን ሙከራው አልተሳካም። የሚመጣውን የሚያውቅ አብራሪ ይህን የመረዳት ጊዜ ይዘለዋል፤ አደጋ ላይ የሚጥለውም ይኸው ጊዜ ነው።

ስለዚህ ብልሽቱ ሳይነገር፣ ይመጣል ተብሎ በማይጠበቅበት ሰዓት፣ ለምሳሌ በረጅም ጉዞ መሐል ከመቆጣጠሪያ ጣቢያ ጋር በሬዲዮ ሲነጋገሩ ቢመጣ ይመረጣል። ልምምዱም ከፈተና መለየት አለበት፤ እወድቃለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው የሚያሳየው የታወቀውን ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ማስረጃን መሠረት ያደረገ ሥልጠና መመሪያ፣ የተወሰኑ ብልሽቶችን ዝርዝር ከመጨረስ ይልቅ እንደ ሁኔታን መገንዘብ፣ መወሰንና መግባባት ያሉ ችሎታዎችን ማጎልበት ላይ ያተኩራል።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ ብዙ ብልሽቶችን ቢደራርብብኝስ የበለጠ ይጠቅመኛል?

ምላሽ 3
በእኔ እምነት አይጠቅምዎትም። መደራረቡ ግራ መጋባትን ብቻ ያስተምራል። አንድ ያልተጠበቀ ነገር ቢሰጥዎትና ከዚያ በኋላ ቀረጻውን ከአሠልጣኙ ጋር እየተመለከቱ፣ በመጀመሪያ ምን እንዳዩ፣ አብሮዎት ለሚያበርረው ጓደኛዎ ምን እንዳሉት፣ ያን ጊዜ አውሮፕላኑን በትክክል ማን ያበርር እንደነበር ረጋ ብለው ቢነጋገሩበት ይሻላል፤ ለዚህ ውይይት በቂ ሰዓት እንዲመደብልዎ ከአሁኑ ይጠይቁ።