ለአይቢኤስ (ምርመራ ላይ ምንም ሳይታይ አንጀት የሚታወክበት የቆየ ሕመም) የባክቴሪያ ክኒን ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል? ጅማ ያላችሁ እርዱኝ

የቆጪዋ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው፤ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት ኃይለኛ ተቅማጥ ይዞኝ ነበር፤ እሱ ቢለቀኝም ሆዴ እንደ ድሮው አልሆነም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይቆርጠኛል፣ ይነፋኛል፤ ሽንት ቤት ደርሼ ስመጣ ቀለል ይለኛል። እያስተማርኩ ድንገት የሚያጣድፈኝ ነገር ደግሞ አሳቅቆኛል። የሰገራ ምርመራው ንጹሕ ነው እየተባለ የአሜባ መድኃኒት ደጋግመው ሰጥተውኛል፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ደሜንም ሰገራዬንም አይቶ «አይቢኤስ ነው» አለኝ። አሁን ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ «ፕሮባዮቲክ የሚባል የጠቃሚ ባክቴሪያ ክኒን ገዝተሽ ውሰጂ፣ እኔ እልክልሻለሁ» ትላለች። ዋጋው ከአስተማሪ ደሞዝ ጋር አይተዋወቅም። ይሠራል? እርጎና ቆጮስ አይተኩትም? ከጤነኛ ሰው ሰገራ ተወስዶ የሚሰጥ ሕክምና አለ ሲባልም ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

ነርሷ፦ እህቴ፣ ከክኒኑ በፊት ጥቂት ልጠይቅሽ። ሰገራሽ ላይ ደም አለ? ሳትፈልጊ ክብደት ቀንሰሻል? ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስሻል? ትኩሳት ወይም የደም ማነስ አለብሽ? ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የነበረበት ሰው አለ? አንዱ እንኳ ካለ አይቢኤስ ነው ብለሽ አትቀመጪ፣ ተመለሺ። ጃርዲያ ደግሞ በአንድ ቀን ናሙና ሊያመልጥ ይችላል፤ በተለያየ ቀን ነው የታየልሽ?

የቆጪዋ፦ ደም የለም፣ ክብደቴም ያው ነው፣ ሌሊት እተኛለሁ። ሰገራው በተለያየ ቀን ታይቷል፤ የለም።

የሂርማታ እናት፦ ልጄ፣ የፈረንጅ ክኒን ምን ያደርግልሻል? ፌጦ በሎሚ ውሰጂ፣ ጠዋት እርጎ ጠጪ፣ ቆጮ ብዪ። እኛ ያደግነው በዚህ ነው፤ ባክቴሪያ ካሉ ከቆጮ በላይ ምን ባክቴሪያ አለ?

ፋርማሲስቱ፦ እማማ ስለ ቆጮ ያሉት ግማሹ ልክ ነው። ቆጮም የእንጀራ ሊጥም የሚቦኩት በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ነው፤ ግን ምጣድ ላይ ሲወጡ ባክቴሪያው በሙቀቱ ይሞታል። በሕይወት ያለው እርጎ ላይ ነው። እሱም ካልተፈላ ወተት የተረጋ ከሆነ ብሩሴላ የሚባል ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊያስይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ወተቱን አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ፣ ከቀድሞው እርጎ ትንሽ ጨምረሽበት አርጊው። ፌጦ ግን ያቃጥላል፣ ለሚያጣድፈው ሆድ አልመክርም። ይቅርታ እማማ።

ወደ ክኒኑ ስንመጣ፣ «ፕሮባዮቲክ» ብሎ ነገር አንድ መድኃኒት አይደለም። አንዱ ጠርሙስ ላክቶባሲለስ፣ ሌላው ቢፊዶባክቴሪየም፣ ሌላው አሥር ዓይነት ቅልቅል ይይዛል፤ አንዱ ላይ የተገኘ ውጤት ለሌላው አይሠራም። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ባወጣው መመሪያ ለአይቢኤስ ከጥናት ውጭ አትስጡ አለ። እንግሊዞቹ በ2021 ለዘብ ብለው፣ የፈለገ ሰው እስከ 12 ሳምንት ይሞክር፣ ካልተሻለው ያቁም አሉ። የኔ ምክር የእንግሊዞቹን ይመስላል፣ ግን ደሞዝሽን የሚነካ ከሆነ አትጀምሪው። ከዱባይ በሰው ሻንጣ ሲመጣ ስንት ቀን ሙቀት ውስጥ እንደሚቆይም አስቢ፤ አንዳንዶቹ ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ፣ ሙቀት ካገኛቸው የሞተ ባክቴሪያ ነው የምትውጪው።

ስለ ባክቴሪያ ከተነሳ የተሻለ ማስረጃ ያለው ሪፋክሲሚን የሚባል አንቲባዮቲክ ነው። ወደ ደም ብዙም ሳይገባ አንጀት ውስጥ የሚሠራ ነው። በአሜሪካ ለአይቢኤስ በ2015 የተፈቀደው ተቅማጥ ለሚበዛበት ዓይነት ብቻ ነው፤ 550 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ14 ቀን ይወሰዳል። ግን ተአምር አትጠብቂ፦ በ2011 በታተሙት ትልልቅ ጥናቶች በቂ እፎይታ አገኘሁ ያለው ከ100 ሰው 41 ያህል ሲሆን፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 32 ያህል ነበር። ልዩነቱ አለ፣ ግን ይኸው ነው። ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ ከጎረቤት ተቀብለሽ እንዳትውጪ። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቲኒዳዞል (የአሜባውን መድኃኒት) መደጋገሙንም ተይው፤ የሌለ አሜባ አይገድልም፣ የአንጀትሽን ባክቴሪያ ግን ያመሳቅላል።

ሕክምና ተማሪው፦ ስለ ሰገራ ንቅለ ተከላው እኔ ልመልስ። ሕክምናው አለ። ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ እየተመላለሰ ለሚያጠቃቸው ሰዎች በጣም ይሠራል። ለአይቢኤስ ግን ጥናቶቹ ይጋጫሉ፤ ከኖርዌይ ጥሩ ውጤት ወጥቷል፣ ከሌላ ቦታ ደግሞ ምንም ለውጥ አልታየም፤ ሌላ የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2021 ያወጣው መመሪያ አይመክረውም። በ2019 ይፋ እንደሆነው፣ አሜሪካ ውስጥ በተሰጠው ሰገራ፣ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ተላልፎበት የሞተ በሽተኛ አለ። ስለዚህ ዩቲዩብ አይታችሁ ቤት ውስጥ የምትሞክሩ፣ እባካችሁ!

በነገራችን ላይ ያንቺ ታሪክ በደንብ የሚታወቅ ነው፤ ኃይለኛ ተቅማጥ ከያዛቸው ሰዎች ከአሥር አንዱ ገደማ አይቢኤስ ይከተለዋል። ብዙዎቹ ላይ ከጊዜ ጋር እየቀለለ ይሄዳል።

የአጋሮ ልጅ፦ እኔም በሽታው አለብኝ። ክኒን ሞክሬ ምንም አላየሁም፤ የረዳኝ ምግብ ነው። አውስትራሊያ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት፣ ፎድማፕ የሚባሉ ስኳሮችን የሚቀንስ አመጋገብ አለ። ሐሳቡ፦ ትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጥጣቸው ስኳሮች ታች ወርደው ባክቴሪያ ያቦካቸዋል፣ ጋዝ ይፈጠራል፣ ውሃ ይስባሉ። እኛ ቤት እነማን ናቸው? ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ወተት፣ ማር። ማለትም ከወተቱ በቀር ሙሉ የጾም ገበታ! ሽንኩርቱን እንደ ቁሌት ብታበስዪውም ስኳሩ አይጠፋም። ዘዴው ይኼ ነው፦ ነጭ ሽንኩርቱን ሳትከትፊ ዘይት ላይ ጠብሰሽ፣ ውሃ ከመጨመርሽ በፊት አውጪው። ያ ስኳር ውሃ ላይ እንጂ ዘይት ላይ አይሟሟም፤ ጣዕሙ ግን ይቀራል። ለሽንኩርት ምትክ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴውን ቅጠል ተጠቀሚ። ምስር ከሆነ በብዙ ውሃ ቀቅለሽ ውሃውን ድፊው። ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ ሥጋ ሆድ አይረብሹም። አቮካዶ ግን በብዛት ሲበላ ይነፋል፣ እኛ አገር ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ይበዛል።

ነርሷ፦ እሱ ላይ ልጨምር፦ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ነው የሚታገደው። ከዚያ አንድ በአንድ መልሰሽ የትኛው እንደሚያምሽ ለዪ። ሁሉን እንደከለከሉ መኖር ጉዳት አለው፤ ጥራጥሬውን ሁሉ ከቆረጥሽ ጠቃሚው ባክቴሪያም ይራባል። የማስታወሻ ደብተር ያዢ፦ ምን በላሽ፣ መቼ ቆረጠሽ፣ ክፍል ውስጥ ነበርሽ ወይስ እሑድ ቤትሽ። ጭንቀቱም ይገባበታል።

የቆጪዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለአክስቴ ልጅ አትላኪ ብያለሁ፣ ስለ ሪፋክሲሚን ሐኪሜን እጠይቃለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ቡናስ? ጅማ ተቀምጬ ቡና ተዪ እንዳትሉኝ ብቻ።

የአጋሮ ልጅ፦ ቡና ፎድማፕ አይደለም፣ ግን አንጀት ያንቀሳቅሳል። በባዶ ሆድ አትጠጪ፣ ወተት አትጨምሪበት፣ ትምህርት ቤት በምትሄጂበት ጠዋት ደግሞ አቦሉን ለሌላው ስጪና ከቶናው ጀምሪ።

የሂርማታ እናት፦ ቶና ብቻ? ምነው ልጄን!