የአቆስጣ ግልገል አሸዋ ላይ ብቻውን ተኝቶ ብናገኝ ምን እናድርግ? ሲያትል፣ ሊንከን ፓርክ

የሊያ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። በኦገስት አንድ ቅዳሜ ወደ 40 የሚሆኑ የማኅበራችን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ዌስት ሲያትል ሊንከን ፓርክ ይወርዳሉ። ወቅቱ የአቆስጣ ግልገሎች ዳር ላይ የሚወጡበት ነው አሉኝ። አቆስጣ ስል እዚህ «ሲል» (seal) የሚሉትን የባሕር እንስሳ ነው፤ ኦሪት ዘጸአት ላይ ቁርበቱ የሚጠቀሰው። ግልገል ብቻውን ቢገኝ እናቱ ጥላው ሄዳለች ማለት ነው? ስንት ሜትር እንራቅ? ውሃ እናርከፍክፍበት፣ ወደ ባሕሩ እንመልሰው የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ይረዳዋል? ለማንስ ነው የሚደወለው? የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ፣ ለወላጆቹ አስቀድሜ በቴሌግራም እልከዋለሁ።

ባሕር ዳር ጠባቂ

እህቴ፣ ብቻውን መገኘቱ መጣሉን አያሳይም። እናቱ ዓሣ ልታድን ስትሄድ ልጇን ዳር ላይ አሳርፋ ነው የምትሄደው፤ ሰዓታት ልትቆይ ትችላለች። ግልገሉ ሲወለድ 10 ኪሎ ግድም ነው። የሚጠባው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ሲሆን በዚያች ጊዜ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ወተቷ ግማሽ ያህሉ ስብ ስለሆነ ነው። ጊዜዋ አጭር ናትና አንድ ጡት ባመለጠው ቁጥር ለክረምቱ የሚያስፈልገው ጮማ ይጎድልበታል።

እናትየው ደግሞ እጅግ ፈሪ ናት። ሰው ከብቦት ካየች አትወጣም። ራሷን ብቻ ከውሃው ብቅ አድርጋ ከሩቅ ታየዋለች። ውሃው ላይ ክብ ጥቁር ራስ ካያችሁ እሷ ልትሆን ትችላለች፤ የምትጠብቀው እናንተ እስክትሄዱ ነው። ሰዉ ካልተበተነ ግን ልጇን ትታው የምትቀርበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግልገሉን ወላጅ አልባ የሚያደርገው አዝኖለት አጠገቡ የቆመው ሰው ነው።

ርቀቱ 100 ያርድ ነው፣ 91 ሜትር ማለት ነው። በአዋቂ እርምጃ ወደ 125 ይሆናል። አንዳንዱ ክንድህን ዘርጋ፣ አውራ ጣትህ እንስሳውን ከሸፈነው በቂ ነው ይላል። ይህ ለግልገል አይሠራም። ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ግድም ስለሆነ በ25 ሜትር ላይም አውራ ጣት ይሸፍነዋል። እርምጃ ቁጠሩ።

ርቀቱ በቂ ይሁን አይሁን ደግሞ ራሱ ይነግራችኋል። ራሱንና የኋላ መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ እንደ ሙዝ ጎብጦ ከተኛ ደህና ነው፣ እያረፈ ነው። ራሱን ቀና አድርጎ እናንተን ብቻ ማየት ከጀመረ ቀርባችኋል። በሆዱ እየተንፏቀቀ ወደ ውሃው ካመራ ረብሻችሁታል። በደረቅ መሬት የሚተኛው ለመሞቅና ለማረፍ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲያባርሩት ያጠራቀመውን ሙቀት ይጨርሳል።

ስለዚህ የሁለቱም ጥያቄ መልስ አይሆንም ነው። የፒውጀት ሳውንድ ውሃ በበጋም ቀዝቃዛ ነው፤ ውሃ ማርከፍከፍም ወደ ባሕር መግፋትም ያበርደዋል። በፎጣ መሸፈንም፣ የላም ወተት መስጠትም እንዲሁ ክልክል ነው፤ ሆዱ አይፈጨውም። በ2016 እ.ኤ.አ. እዚሁ ዋሽንግተን፣ ዌስትፖርት አካባቢ አንዲት ሴት ግልገሉ የተጣለ መስሏት በገበያ ዘንቢል ይዛ ቤቷ ወስዳው ነበር። ከዚያ በኋላ ሊድን አልቻለም፤ ሐኪሞች በመርፌ እንዲሞት አደረጉት።

የሚደወለው ለዌስት ኮስት የባሕር አጥቢ እንስሳት መስመር ነው፦ 1-866-767-6114። ስትደውሉ ቦታውን በካርታ ነጥብ፣ ከየትኛው መንገድ ወይም ሕንፃ ትይዩ እንደሆነ፣ ሰዓቱን፣ የግልገሉን ግምታዊ ቁመት፣ እትብቱ እንዳለ፣ ፀጉሩ ነጭ መሆን አለመሆኑን፣ ቁስል ወይም አጠገቡ ውሻ ካለ ንገሯቸው። ነጭ የሚበዛበት ለስላሳ ፀጉር ካለው ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ነው፤ የዚህ ዝርያ ግልገል ያንን ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ የሚያራግፈው ማኅፀን ውስጥ ሳለ ነው። ፎቶውን ከሩቅ በዙም አንሱ። ደግሞ እባካችሁ ቦታውን እዚያው እያላችሁ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰው ይሞላል።

የእንስሳት ሐኪም

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። ወላጆች የሚሳሳቱባቸውን ልጨምር።

ዓይኑ ዙሪያ እርጥብ ቀለበት ይታያል፤ አለቀሰ ይላሉ። አቆስጣ እንባውን ወደ አፍንጫ የሚወስድ ቱቦ የለውም፤ ስለዚህ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ያ እርጥበት ውሃ እንዳልጠማው የሚያሳይ መልካም ምልክት ነው፤ የሚያሳስበው ዓይኑ ዙሪያ ደርቆ ሲገኝ ነው። ድምፁም እንደ ጠቦት «ማኣ» የሚል ነው፤ እናቱን መጥራቱ እንጂ ሕመም አይደለም። ጤነኛ ግልገል ድብልብል ነው፣ አንገቱ አይለይም። አንገቱ ቀጥኖ፣ የዳሌ አጥንቱ ወጥቶ፣ ቆዳው ተሸብሽቦ ካያችሁ ያንን በስልክ ጨምራችሁ ንገሩ። ከሳ ብላችሁ ግን አትቅረቡት። ብዙ ጊዜ ባለሙያዎቹ ከመወሰናቸው በፊት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከሩቅ ይከታተሉታል፤ መልስ ዘገየ ተብሎ ተስፋ አይቆረጥ።

ልጆች እንዳይነኩት የምለው ለእነሱም ጭምር ነው። ግልገሉ ጥርስ አለው፣ ይነክሳል። ንክሻው «ሲል ፊንገር» (የአቆስጣ ጣት) የሚባል ሕመም ያመጣል፤ ጣት አብጦ መገጣጠሚያ ድረስ ይዘልቃል። መንስኤው ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይሠራበትም፤ የሚሠራው ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊንን የመሰለ መድኃኒት ነው። የተነከሰ ሰው ወዲያው በውሃና ሳሙና አጥቦ ሐኪም ጋ ይሂድ፤ ለሐኪሙም «የነከሰኝ አቆስጣ ነው» ብሎ በግልጽ ይንገር፣ አለዚያ የተለመደውን መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማሮውስቶን ደሴት አጠገብ የሞቱ አቆስጣዎች ላይ ኤች5ኤን1 የወፍ ጉንፋን ተገኝቷል። የሞተ ወፍም የሞተ አቆስጣም አይነካ።

ውሻ ያላችሁ ቤት ተዉት። በሲያትል ፓርኮች ባሕር ዳር ውሻ በማሰሪያም ቢሆን አይፈቀድም። ሌፕቶስፓይራን የመሰለ በሽታ ከውሻው ወደ አቆስጣው፣ ከአቆስጣውም ወደ ውሻው ይተላለፋል፤ አንድ ንክሻ ደግሞ ግልገሉን ለመግደል ይበቃል።

ቀዛፊ

እኔ ስለ አከላለሉ ልናገር፤ 91 ሜትር የሚለው ሊንከን ፓርክ ላይ እንደ ወረቀቱ አይሄድም። ባሕሩ ሲሞላ ዳሩ ይጠብና አሸዋው እስከ ግንቡ ድረስ ይሸፈናል። ግልገሉ ከውሃው ጋር ወደ ላይ እየወጣ መጥቶ ከግንቡ ሥር፣ ሰው ከሚመላለስበት ጥርጊያ አጠገብ ይተኛል። ስለዚህ ሁለት አዋቂዎች ከግራና ከቀኝ፣ መንገዱ ላይ፣ እስከሚቻለው ርቀው ይቁሙና ሰውን በጨዋ ቃል ወደ ላይኛው የጫካ መንገድ ይመልሱ። ማስገደድ አትችሉም፣ መለመን ግን ትችላላችሁ። «እናቱ እስክትመጣ እየጠበቅን ነው» ማለት ከሕግ መጥቀስ ይልቅ ይሰማል። በየ45 ደቂቃው ተቀያየሩ፤ የደከመ ጠባቂ እየቀረበ ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግማሽ ክብ ሲሠራ ነው። ሰው ፎቶ ለማንሳት በጎን እየዞረ ወደ ውሃው በኩል ይደርሳል፣ ግልገሉ መውጫ ያጣል። የውሃው ወገን ምንጊዜም ባዶ ይሁን። የሠለጠኑት በጎ ፈቃደኞች ኮንና ቢጫ ሪባን ይዘው ሲመጡ ቦታውን ለእነሱ ልቀቁ። ሪባን ስትዘረጉ ባሕሩ ገና እየሞላ ከሆነ ለግልገሉ ወደ ላይ መውጫ ተዉለት፤ ያለዚያ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሪባኑ ሥር ታገኙታላችሁ።

ካያክና ፓድል ቦርድ የያዙ ልጆች ካሉ ይህን ንገሯቸው። ሞተር ስለሌለን አንረብሽም የሚለው ስሕተት ነው። ካያክ ድምፅ ሳያሰማ ዳር ዳሩን እየታከከ ስለሚመጣ አቆስጣዎቹ የሚያዩት በመጨረሻ ነው፤ ደንግጠው ሁሉም በአንዴ ውሃ ይገባሉ፣ እናትና ልጅ ይለያያሉ። የካያኩን አፍንጫ ወደ እነሱ አታቅኑ፣ አትቁሙ፤ በጎን በኩል፣ አካሄዳችሁን ሳትቀይሩ እለፉ። ድሮንም አታስነሱ።

እምቢ ብሎ አቆስጣውን የሚያባርር ሰው ከገጠማችሁ አትጣሉት። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ መረበሹን ራሱን ይከለክላል፤ የገንዘብ ቅጣቱ ከ10,000 ዶላር ያልፋል፣ አውቆ ያደረገው እስከ 1 ዓመት ሊታሰር ይችላል። የጥቆማው መስመር 1-800-853-1964 ነው።

የሊያ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። አንድ ነገር ቀረኝ። እኛ ቀድመን ምንጣፍ ዘርግተን ከተቀመጥን በኋላ እሱ ራሱ ወደኛ ቢወጣስ?

ባሕር ዳር ጠባቂ

ያጋጥማል፣ በተለይ ጡት የጣለ ግልገል ሰው አይፈራም። ያኔ የምትነሱት እናንተ ናችሁ። ስፒከሩን አጥፉ፣ ልጆቹን ዝቅ ብለው ቀስ ብለው ወደ ግንቡ እንዲሄዱ አድርጉ፤ ማንም ሮጦ በእሱና በውሃው መካከል አይለፍ። ምግቡን ሰብስቡ፣ ምንጣፉ ላይ ከወጣ ግን ምንጣፉን ተዉለት። መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፤ አንዳንዱ ባሕሩ ሞልቶ ሲደርስበት ይገባል፣ አንዳንዱ ሌሊቱን እዚያው ያድራል። ስለዚህ ምግቡን የምትበሉበት ሁለተኛ ቦታ ላይኛው ሣር ላይ ከጠዋቱ ያዙ፤ 866 የሚለውን ቁጥርም ከመውረዳችሁ በፊት ቢያንስ የአምስት ወላጆች ስልክ ውስጥ አስገቡት።