በስኮትላንድ ለሠርግ ኪልት ልበስ ስለተባለው ወንድማችን

ጥያቄ፦

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ወደ ግላስጎው ከመጣሁ ገና ስምንት ወሬ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሚቀጥለው ወር ያገባል፤ ከሚዜዎቹ ጋር እንድቆምና እንደ እነርሱ ኪልት፣ ማለትም ወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት የሚታጠቁትን ባለ ሽንሽን የሱፍ ልብስ፣ እንድለብስም ለምኖኛል። እምቢ ብለው የሚከፋው ይመስለኛል፤ እሺ ብለው ደግሞ የእነርሱን ልብስ ለብሼ መሳቂያ እንዳልሆን እሰጋለሁ። ከእናንተ መካከል ለብሶ የሚያውቅ ካለ ምክሩን ባይነፍገኝ።

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ እሺ በለው። እኔም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ልክ እንዳንተ በአንድ ባልደረባዬ ሠርግ ምክንያት ለሳምንታት ስጨነቅ ከርሜ ነበር፤ ዛሬ ግን ቁም ሣጥኔ ውስጥ የራሴ ኪልት ተሰቅሏል።

በቅድሚያ «የእነርሱ ልብስ» ስላልከው ልናገር። ብዙዎቻችን እያንዳንዱ የታርታን ጥለት (ኪልት የሚሠራበት ባለ ቀለም መስመሮች ጨርቅ) የአንድ ጎሣ ርስት እንደሆነ፣ ዘር ሳይቆጥር የለበሰም እንደሚወቀስ አድርገን እናስባለን። በሰሜን ስኮትላንድ ተራሮች ያሉት የሃይላንድ ሰዎች ጥንት ይለብሱት የነበረው ግን እንደ ጋቢያችን ሰፊ ሆኖ ወገብ ላይ በቀበቶ የሚታሰር፣ የቀረውም ወደ ትከሻ የሚጣል የሱፍ ልብስ ነበር፤ አሁን የምናየው ከወገብ በታች ያለው አጭር ኪልት የተለመደው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የሃይላንድ አማፅያን በመንግሥት ጦር ከተሸነፉበት ከኩሎደን ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1746 የወጣ ሕግ፣ ከወታደሮች በቀር ወንዶች ይህን ልብስ እንዳይለብሱ ከለከለ፤ መጀመሪያ የተያዘ ስድስት ወር ይታሰራል፣ ደግሞ የተያዘ ለሰባት ዓመት ወደ ባሕር ማዶ ይጋዛል ተባለ። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባሰናዳው አቀባበል ላይ ንጉሡ ራሱ ኪልት ለብሶ ታየ (ከሥሩ እግሩን የሚሸፍን ሮዝማ ጠባብ ልብስ ማጥለቁ እስከ ዛሬ ያስቃቸዋል)። እያንዳንዱ ጎሣ የየራሱ ጥለት አለው የሚለው ልማድ የተስፋፋው በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሚሠራው የመንግሥት የታርታን መዝገብ ውስጥ ዛሬ «ሲንግ» የተባለ የሲኮች (ከሕንድ የመነጨ ሃይማኖት ተከታዮች) ጥለትም፣ የአይሁዶች ጥለትም ይገኛል። ጎሣ የሌለው ሰው እንደ «ብላክ ዎች» ያለውን ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ ጥለት መርጦ ቢለብስ የሚጠይቀው የለም።

ሁለተኛው ነገር፣ መጀመሪያ አትግዛ፤ ተከራይ። ደንበኛው ኪልት ስምንት ያርድ፣ ማለትም ከሰባት ሜትር በላይ የሱፍ ጨርቅ ስለሚፈጅና በእጅ ስለሚሰፋ ከነሙሉ ልብሱ በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ያስወጣል። በቱሪስት መንገዶች በርካሽ የተሰቀለው ስስ ጨርቅ ደግሞ ሽንሽኑ ሳይውል ሳያድር ይፈታል። የሠርግ ልብስ የሚያከራዩ ሱቆች እዚህ ከተማ ሞልተዋል፤ ጃኬቱን፣ ከፊት የሚንጠለጠለውን ስፖራን የሚባል የቆዳ ቦርሳ፣ ረጅሙን ካልሲና ጫማውን ጨምረው ይሰጡሃል። ካልሲው ውስጥ የሚሸጎጠው ትንሽ ቢላ አስመስሎ የተሠራ ከሆነ አይክፋህ፤ እንዲያውም ይሻልሃል።

አለባበሱን ግን በጥንቃቄ ስማኝ፤ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነውና። ኪልት እንደ ሱሪ ዳሌ ላይ አይታሰርም፤ ወደ እምብርት ከፍ ይላል፣ ጫፉም ጉልበትህ መካከል ያርፋል፣ ስትንበረከክ መሬት መንካት የለበትም። ሽንሽኑ ወደ ኋላ ይሆናል፤ ከፊት ያለው ዝርግ ጨርቅ ድርብ ነው፣ የላይኛው ዘርፍም በቀኝህ በኩል ይውላል። በዚያ ጠርዝ ላይ የሚደረገው ጌጠኛ መርፌ የላይኛውን ጨርቅ ብቻ ነው መውጋት ያለበት። እኔ ይህን ስላላወቅኩ፣ ነፋስ እንዳይገልጠው ብዬ ሁለቱንም አንድ ላይ ወጋኋቸው።

በሠርጉ ጠዋት ባቡር ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ሲያዩኝ ቆዩ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ቀረብ ብለው ግን፣ «ልጄ፣ መርፌው ሁለቱን ይዟል፤ ስትቀመጥ ጨርቁን ይቀድብሃል» አሉኝና ፈቃዴን ጠይቀው፣ እየተንቀጠቀጡ ጎንበስ ብለው መርፌውን ነቅለው መልሰው ሰኩልኝ። ከዚያም ስፖራኑን ወደ መሐል ሳብ አድርገው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው አዩኝና «አሁን ሆነ» አሉ። ነጠላውን አዛብቶ የለበሰ ጎረምሳ ሲያዩ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠራ አድርገው የሚያስተካክሉትን አባቶች ታውቃለህ አይደል? ልክ እንደዚያ ነበር። በዚህ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት እንግዳ ስለሆንኩ ሰዎች በትህትና ያልፉኝ ነበር እንጂ ያረመኝ አንድም አልነበረም። እኚያ ሰው ሲያርሙኝ ከልብሱ ባለቤቶች አንዱ አድርገው እንደቆጠሩኝ ተሰማኝ፤ ትከሻዬም በዚያው ቀና አለ።

ማታ ደግሞ ኬሊ የሚሉት ጭፈራ አለ፤ እርሱን አትፍራ። ጭፈራውን የሚመራው ጠሪ እርምጃውን አስቀድሞ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። «ስትሪፕ ዘ ዊሎው» በተባለው ጭፈራ ሁለት ረጅም ሰልፎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በጫፍ ያሉት ጥንዶች ተያይዘው ከዞሩ በኋላ ከሰው ክንድ ወደ ሰው ክንድ እየተላለፉ እስከ ሰልፉ መጨረሻ ይወርዳሉ። የሙሽራይቱ እናት፣ የአሥር ዓመት ልጅ፣ አለቃህ፣ ሁሉም ክንድህን ይዘው ያሽከረክሩሃል፤ ስትሳሳት ወደ ትክክለኛው ሰው ይወረውሩሃል። የኪልቱ ክብደት የሚገባህ ያን ጊዜ ነው፤ ስትዞር ሽንሽኑ ራሱ ይዞህ ይዞራል። ጥግ ይዞ መቀመጥ የለመድኩ ሰው ነበርኩ፤ በዚያች ሌሊት ግን ከሠላሳ ከማያንስ ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያያዝኩ። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን አዳራሽ አርብ ማታ የሚጨፍሩትን ተቀላቀልኩ። የግላስጎውን ሰው አነጋገር የለየሁትም በትምህርት ቤት ሳይሆን እዚያ ሰልፍ ውስጥ ሲጮሁብኝ ነው፤ ስልክ ሲደወልልኝ ላለማንሳት ሰበብ መፈለጌንም የተውኩት በዚያው ዓመት ነው።

ሌላ አባል፦

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም። ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ ቆመ ቢባል አገር ቤት ያሉ ወላጆቻችን ምን ይላሉ? ልጆቻችን የራሳቸውን ጥበብ ሳይለብሱ የሌላውን ለምን እናስለምዳቸዋለን?

ምላሽ፦

አባታችን፣ ስጋትዎን አከብራለሁ፤ ስለ ልጆቹ ያሉት በተለይ እውነት አለው። እኔም ለልደትና ለጥምቀት ኪልት አልለብስም፤ የዚያን ቀን ልብሴ ነጠላዬ ነው። ነገር ግን «ቀሚስ» በሚለው ላይ እንድለይ ይፍቀዱልኝ። በአፋርና በሶማሌ በኩል፣ በድሬዳዋም ሽርጥ የሚታጠቅ ወንድ ስንት ነው? እናቴ ድሬዳዋ ያደገች ናት። የሠርጉን ዕለት በቪዲዮ ስደውልላት ትቆጣለች ብዬ ከወገቤ በላይ ብቻ እንዲታይ ስልኩን ከፍ አድርጌ ይዤ ነበር፤ አንድ ባልደረባዬ ከእጄ ነጥቆ ሙሉ ቁመናዬን አሳያት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «ሽርጥ ታጠቅክ እንዴ? አባትህም እኮ ከሥራ ሲገባ ይታጠቅ ነበር» አለችኝ። ቀጥላ የጠየቀችኝ ጉልበቴን ይበርደኝ እንደሆነ ብቻ ነው። ሱፉና ካልሲው ወፍራም ስለሆኑ ብዙም አይበርድም፤ ነፋስ ባለበት የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ግን ዋሸሁ እንዳልባል፣ ይበርዳል።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ተለክቼ መጣሁ፤ ሰውየው ሜትሩን እምብርቴ ላይ ሲያዞር አለመገረሜን አይቶ «ከዚህ በፊት ለብሰሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ብላክ ዎች መርጫለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር፣ መኪና ስለሌለኝ በአውቶቡስ ነው የምሄደው። ያን ሁሉ ሽንሽን ይዞ እንዴት ይቀመጣሉ?

ምላሽ፦

ልትቀመጥ ስትል ሁለት እጅህን ወደ ኋላ አድርግና፣ እህቶቻችን ቀሚሳቸውን እንደሚሰበስቡት ሽንሽኑን ከላይ ወደ ታች እያለሰለስክ ከሥርህ አድርገው፤ ያለዚያ ተጨማድዶ ይቀርብሃል። ስፖራኑ በራሱ ክብደት በጉልበቶችህ መካከል ይወርዳል፣ ከፊት ያለውንም እርሱ ይይዝልሃል። ዛሬ ማታ ቤትህ ባለ ወንበር ላይ አሥር ጊዜ ያህል ተለማመደው። መርፌውን ደግሞ አትርሳ፤ የላይኛውን ጨርቅ ብቻ።