ጥቆማ፦ ዲ6፣ ዲ65 ወይስ ኤስዲ16?

ዋልካ፦ ሰላም ወንድሞች። አለቃዬ ያገለገለ ዶዘር ሊገዛ ነው። ካት ዲ6አር፣ ኮማትሱ ዲ65 እና ሻንቱይ ኤስዲ16 አይቷል፤ ምረጥ ብሎኛል። ሥራው ግማሹ ፎገራ ሜዳ ጭቃ፣ ግማሹ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጣ ያለው ድንጋይ ነው። ዋጋውን ለሱ ተዉለት። ወንበሩ ላይ ለሚውለው የቱ ይሻላል?

ካት ብቻ፦ ካት። ይሄም ይጠየቃል?

ሰባራ ፒን፦ ማሽኑን ተወው፣ የሚሄድበትን የብረት ሰንሰለት እይ! ከአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል ነው» ተብለን ገዛን። ክረምቱ ሳይወጣ ፒንና ቡሹ፣ ማለት ማያያዣዎቹን የሚያገናኘው ዘንግና ቀለበቱ፣ ተበልቶ አለቀ። ስንመልስላቸው «ድንጋይ ላይ ሠርታችሁበት ነው» አሉን። ዶዘር ታዲያ የት ይሥራ?

ሚሚ ናፍጣ፦ አስፋልት ላይ ሽርሽር ይውጣ 😂 የቱ ሱቅ ነው?

ሰባራ ፒን፦ ስም አልጠራም። ደረሰኝም የለኝም።

ሚሚ ናፍጣ፦ ያለ ደረሰኝ ገዝተህ ነው እንዲህ የምትጮኸው? ጎበዝ።

ሳይት 3፦ ኤክስካቫተር ቢገዛ አይሻለውም? ሥራ አያጣም።

ጋሽ ሌቨር፦ ልጄ ዋልካ፣ ሦስቱም ላይ ሠርቻለሁ። ልዩነታቸው መዞሩ ላይ ነው። ኤስዲ16 የሚዞረው በክላችና በፍሬን ነው። ብሌዱ፣ የፊቱ መግፊያ ብረት፣ ሞልቶ ስታዞረው አንዱ ሰንሰለት ብቻ ይገፋል፤ ጭቃ ላይ እዚያው ይቆፍራል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ሳትይዝ የአንዱን ጎን ክላች ብቻ ካላቀቅክ ወደ ተቃራኒው ይዞርብሃል። ለሱ አዲስ የሆነ ኦፕሬተር እዚህ ጋ ነው የሚደነግጠው። ሃይድሮስታቲክ፣ ማለት በዘይት ግፊት የሚሠራ፣ መሪ ያለው ዲ65 ግን ሁለቱም ሰንሰለት እየገፋ ይዞራል። ዲፈረንሻል መሪ ያለው ዲ6አርም እንደዚያው ነው። ክላችና ፍሬን ያለውም ዲ6አር ስላለ ሳትነዳው እሺ እንዳትል። ለድንጋይ ዲ6ን እወደዋለሁ፤ ስፕሮኬቱ፣ ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርሳም ጎማ፣ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ምቱ በቀጥታ እሱን በሚያዞሩት ጊሮች፣ ፋይናል ድራይቩ ላይ፣ አያርፍም። የሰንሰለቱን ጫማም፣ መሬት የሚረግጠውን ጠፍጣፋ ብረት፣ እይ። ሰፊው ለጭቃ ነው፣ ድንጋይ ላይ ይጣመማል።

ካት ብቻ፦ ጋሼ፣ ካት ብለው ይጨርሱት እንጂ!

ጋሽ ሌቨር፦ አንተ ነድተኸው ታውቃለህ?

ካት ብቻ፦ አልነዳሁም። አባቴ ግን ካት እየነዳ ነው ያሳደገን።

ሰባራ ፒን፦ ጋሼ፣ ሰንሰለት መበላቱ እንዴት ነው የሚታወቀው?

ጋሽ ሌቨር፦ ወጥረህ፣ ከፒን እስከ ፒን ጥቂት ማያያዣዎችን በሜትር ለካ። ፒንና ቡሹ ሲበላ ርዝመቱ ይጨምራል። የአዲሱን ልክ ከማሽኑ መጽሐፍ አይተህ አወዳድር።

ሰባራ ፒን፦ ይሄን ያኔ የሚነግረኝ ባገኝ! እግዜር ይስጥልኝ።

ዋልካ፦ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ለአለቃዬ አነብለታለሁ።

ሚሚ ናፍጣ፦ ዋልካ፣ የቱ ተገዛ ታዲያ?

ሳይት 3፦ የኤክስካቫተር መንጃ ፈቃድ ግን የት ነው የሚወጣው?